የዶክተር ደረሰ አይጦች

አድማሴ ወንድሙን የቀበረ ዕለት አላለቀሰም። እንባውን ደም ከመለሰ በኋላ እንደሚያፈሰው ለራሱ ነግሮታል። የቀረው ገዳዩን ማወቅ ብቻ ነበር።

ሟቹ አዛናው ፎገራ ሜዳ ላይ ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚጥል ሰው ነበር። ቁጣውም እንደ ጉልበቱ ነው። አንድ ጊዜ የሚስቱን የአገኘሁሽን ክንድ በሽመል ሰብሮታል። አድማሴ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብሎ ጠላውን ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ከባሏ ጋር አላደረችም። እራቱን አቅርባ፣ እግሩን አጥባ፣ ቢንቢ እንዳይበላው ቤቱን አጭሳለት ትወጣና ከጥጆቹ ጋር ትተኛለች።

ያ ሁሉ ጉልበት በሦስት ክረምት አለቀ። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ ከዚያ ደም ተከተለ። በኋላማ የጥጃ ገመድ መፍታት እንኳ አቃተው።

አድማሴ በፊት የጠረጠረው አገኘሁሽን ነበር። አንድ ቀን ከሚኖርበት ከሐሙሲት መጥቶ ጸጉሯን ጨበጠና ግንባሯን ከምሰሶው ጋር አጋጨው።

«ምን አበላሽው?»

«እኔም የበላሁትን» አለች፣ ደሟን በነጠላዋ እየጠረገች።

አላመናትም። የአክስቱ ልጅ ሸዋነሽ ምግቡንም ጠላውንም ከቤቷ እንድታመጣ አዘዘ። አዛናው ግን ይበልጥ ባሰበት። ሊሞት ሲል የወንድሙን እጅ ይዞ፣ «ጭሱ... የዶክተሩ ጭስ...» አለና ደም አፈነው።

ዶክተር ደረሰ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ወረታ ላይ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ አይጥ ያረባል። ለመንገድ ሥራ ከመጣው ሬንጅ አስቀርቶ፣ እያቃጠለ ግማሾቹን አይጦች በሳጥን ዘግቶ ያጨስባቸዋል፤ ግማሾቹን ያለ ጭስ ያኖራል። ከዚያ እየቀደደ ሳንባቸውን ያያል። ሬንጅ የሚያፈሉ ሰዎች ደረታቸውን ለምን እንደሚታመሙ ማወቅ እፈልጋለሁ ይላል። አይጦቹን የምትቀልበውና ሳጥኖቹን የምትጠርገው አገኘሁሽ ነበረች። ሳይታመም በፊት ያስቀጠራት አዛናው ራሱ ነው። ታሞ ሲወድቅም ጎንደር ወስዶ ራጅ ያስነሳው ይኸው ዶክተር ነበር።

አድማሴ ከቀብር መልስ አገኘሁሽን ጠራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ሐኪሙ ወንድሜን ጭስ አሽትቶት ያውቃል?»

አገኘሁሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እኔ ምን አውቄ? ሁለቴ ከዶክተሩ ጋር ሳጥኖቹ ካሉበት ክፍል ገብተው ከውስጥ ዘግተዋል።»

ሌላ አልጠየቃትም። ሽመሉን አንስቶ ወረታ ወጣ። ቀኑ የገበያ ነበርና መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ገሚሱ ፊቱን አይቶ ተከተለው።

የሬንጁ ሽታ ከደጅ ተቀበለው። አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ገባ። ዶክተሩ አንዲት አይጥ ሰሌዳ ላይ ቸንክሮ ደረቷን ከፍቷል።

«ወንድሜን ምን ገደለው?»

ዶክተሩ በመቀሱ ጫፍ ሳንባዋ ላይ የፈሉትን ነጫጭ እባጮች አሳየው። «ይሄ። ካንሰር ይባላል። በራጁ ያየሁት ይህንኑ ነው። አቶ አዛናው ሬንጅ ሲያፈሉ ኖረዋል እንዴ?»

«ወንድሜ ሬንጅ ነክቶ አያውቅም።»

«እንግዲያ ጭሱ ከየት አገኛቸው?» አለ ዶክተሩ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «የመንገዱ ሥራ ቆሟል። ከእኔ ቤት በቀር ይህ ጭስ ወረታ ላይ የለም።»

አድማሴ ከዚህ ወዲያ አልሰማም። የመጀመሪያው ምት መነጽሩን ከጉንጩ አጥንት ጋር አደቀቀው። ሁለተኛው የከላበትን ክንድ ሰበረው። ከደጅ የቆመው ሕዝብ ጎርፎ ገባ። ሳጥኖቹ እየተፈለጡ፣ አይጦቹ በእግር እየተጨፈለቁ፣ የሬንጁ በርሜል ተገልብጦ እሳት ተለቀቀበት። ዶክተሩ በደረቱ እየተሳበ፣ «አይጦቹን ተዉልኝ... አይጦቹን...» ይል ነበር። አድማሴ ዝም እስኪል መታው። ዝም ካለ በኋላም መታው።

ፖሊስ ከደብረ ታቦር ሲወርድ አድማሴ ወደ ሐይቁ ሸሸ። የክረምቱ ጎርፍ ግን ሜዳውን ውጦታል፤ መሻገሪያ የለም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ የሄደው ወደ አዛናው ቤት ነበር።

አገኘሁሽ አይታው አልደነገጠችም።

«ይግቡ እንጂ። በዚህ ውሃ የት ይሄዳሉ?» አለችው። «ከወንድምዎ ክፍል ይሁኑ። መስኮቱን በጭቃ እደፍነዋለሁ፤ ማንም አያይዎትም።»

ግንባሯ ላይ እሱ ያወጣባት ጠባሳ ነበር። አድማሴ አፈረ።

«በድዬሽ ነበር፣ አገኘሁሽ። አንቺን ጠርጥሬ።»

«ይተዉት። ያለፈ ነገር ነው።»

«ክረምቱ እስኪወጣ ብቻ ነው የማስቸግርሽ።»

«የፈለጉትን ያህል ይቀመጡ» አለች፤ እግሩንም አጠበችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ፍም የያዘ ገል ይዛ መጣች። «ቢንቢ እንዳይበላዎ» ብላ ከአልጋው ሥር ገፋችለትና ወጥታ በሩን ከውጭ ሸጎረችው።

ጭሱ ሬንጅ ሬንጅ ይል ነበር።