አሪፋ ያላዛነፈችው ሰዓት

አሪፋ ባሏን በከብት ታምነዋለች፣ በመሬት ታምነዋለች፣ በሴት እንኳ ታምነዋለች። በመድኃኒት ግን አታምነውም። «ኸድርን ክኒን ማስጠበቅ ጅብን ሥጋ ማስጠበቅ ነው» ትላለች።

ምክንያት አላት። አምና ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲመረመር ጨጓራው ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተባለና የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ተሰጠው። ሰውየው በአምስተኛው ቀን ቃሩ ሲተወው «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» ብሎ የቀረውን ቆጥ ላይ ሰቀለው። ኋላ ላይ ለጓደኛው ለአብዱረሂም «ምርቃናዬን ገደለብኝ እኮ» ብሎ ሲያማርር ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታዋለች። የመድኃኒት ነገር ለሱ ከጫት በኋላ ነው።

ጥር ላይ ሽንኩርት ሲያጠጣ ደም አስታውኮ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። በባጃጅ ከተማ ያደረሰችው እሷ ናት። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ «ያ ረቢ፣ እንዳትወስድብኝ» ስትል ነበር።

እንደምንም ተረፈ። ሲስተር ዮርዳኖስ የምትባለው ነርስ ግን አሪፋን ለብቻዋ ጠርታ ቁርጡን ነገረቻት።

«እትዬ አሪፋ፣ ያኛውን መድኃኒት ስላቋረጠ ባክቴሪያው ለምዶታል። አሁን ሌላ ዓይነት ነው የምንሰጠው። ይሄም ካልሠራ እዚህ እኛ ዘንድ ሌላ የለም። ቁስሉ ደግሞ እንደገና ከደማ...» አልጨረሰችውም። «በቀን አራት ጊዜ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ፣ በብዙ ውሃ። አደራ!»

«በኔ ጣይው፣ ልጄ» አለች አሪፋ።

ደግሞም አላወላወለችም። አንዱን ከሱብሂ በኋላ፣ አንዱን ዙሁር ላይ፣ አንዱን መግሪብ ላይ፣ የመጨረሻውን ሊተኛ ሲል። አዛኑ እንዳያመልጣት ስልኳ ላይም ደወል አስሞላች። ማሾ ለቀማ ላይ ብትሆን ትታ ትመጣለች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ብትሆን ተነሥታ ትመጣለች። የመንደሩ ሰው ሳቀባት፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ኸድር ክኒኑን ሲውጥ ፊቱ ትቆማለች።

«አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሳ!»

«በቅሎ ልትገዢ ነው እንዴ ጥርሴን የምትቆጥሪው?»

«በቅሎ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። በቅሎ የሰጧትን ትውጣለች።»

ክኒኑ ብርቱ ነው። ብርቱ ነገር ደግሞ ያለ ወተት አንጀት ይልጣል፤ እናቷም አያቷም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ውሃ ምን አቅም አለው? ስለዚህ በእያንዳንዱ ክኒን አንድ ሙሉ ኩባያ ታስጨብጠዋለች። ላሟ ጎደል ስትልባት ጥጃውን አስርባ፣ ካልሆነም ጎረቤት ለምና ታመጣለታለች። ባሏ ከስቶ አንገቱ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፤ አንጀቷን ይበላታል።

በሦስተኛው ቀን ግን ኩባያውን ይዞ ወደ ጓሮ ሲዞር ተከተለችው። አጥሩ ሥር መሬቱ ነጭ ሆኖ ረጥቧል።

«ተፋኸው! ዋ! ተፋኸው አይደል?»

«ወተቱን ነው የደፋሁት! ሆዴን ነፋኝ እኮ። ክኒኑን ውጫለሁ፣ ወላሂ!»

«አብሮ አልሄደም ታዲያ? አንተን ማን ያምናል!» አለችና አለቀሰች። «ሞተህ ልትገላገል ነው? እኔስ? እኔ ለማን ልሁን?»

ኸድር «በቃ፣ አብሽሪ» አላት። ከዚያ ወዲያ ቆማ እያየችው የመጨረሻዋን ጠብታ ጨልጦ ኩባያውን ይመልስላታል። ጫቱንም ተወው። አብዱረሂም ቢጠራው ቢጠራው አልሄደም።

አሥራ አራቱ ቀን አለቀ። ለዳግም ምርመራ አንድ ወር ጠብቁ ተብለው ስለነበር ጠበቁ። ቃሩ ግን ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ኸድር ደበቃት፤ እሷም ያላየች መሰለች። በቀጠሮው ቀን ሰገራው ተመረመረና ከቀትር በኋላ ሲስተር ዮርዳኖስ ውጤቱን ይዛ ገባች። ፊቷን ሲያዩት ሁለቱም ገባቸው።

«አልጠፋም» አለች ነርሷ።

አሪፋ ደሟ ፈላ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ጉሮሮው ድረስ አይታለች፣ እንደዋጠው ታውቃለች፤ ግን ሌላ ምን ትበል? እሷ በበኩሏ አንዲት ሰዓት አላዛነፈችም።

«ይተፋዋል፣ ሲስተር! እኔ ፊት ይውጣል፣ ዞር ስል ይተፋዋል! ያምናውንም ጥሎታል። ይኼ ሰው ሊገድለኝ ነው!»

ኸድር አንገቱን ደፋ።

ሲስተር ዮርዳኖስ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ጋሽ ኸድር፣ አልቆጣዎትም፤ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ። በሰዓቱ ተውጦ ካልሠራ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ይሄ መድኃኒት ከወተት ጋር ከተዋጠ ወተቱ ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ሰውነት አይገባም። አልተዋጠም ማለት ነው። በመሀላቸው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። በወተት ነበር የሚውጡት?»

አሪፋ ሻሿን ስታስተካክል እጇ እዚያው ቀረ። በቀን አራት፣ አሥራ አራት ቀን።

ኸድር ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረ።

«እኔ ወተት አልወድም» አለ። «እሷ ያለችው ነው እውነቱ፤ ስተፋው ነበር።»