ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ዘገዬ ገደሉን ወርዶ ሲጨርስ መጀመሪያ ያየው ጀርባ ነው። የማያውቀው፣ ሰፊ፣ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ጀርባ፣ እሱ ዘወትር እሑድ በሚቀመጥባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተንሰራፍቷል። አጠገቡ አብዲቃድር መንጠቆው ላይ ሊጥ እየለጠፈ ይስቃል።

ኩሬዋን ከዘገዬና ከአብዲቃድር በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ከድሬ ወጣ ብላ ካለችው ከቢዮ አዋሌ አንድ ሰዓት በእግር ተሂዶ፣ ገደል ሥር፣ ምንጭ ያጠራቀማትና ሾላ ያጠላባት ትንሽ ውኃ ናት። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ የባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ብረት ሲሞርዱ ይውላሉ፤ እሑድ ደግሞ ከቀበሌው ስብሰባ በሰበብ አስባቡ እየቀሩ እዚህ ይመጣሉ። ለዚሁ ሲባል ዘገዬ ብቻውን አራት አክስት ቀብሯል። ቦታዋን ለሚስቱ ለሰርካዲስ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ዛሬ ስም ጥሪ ላይ ተይዞ ሁለት ሰዓት ቢያረፍድ ቦታው ተወስዶ ጠበቀው።

«ዘጌ! መጣህ?» አለ አብዲቃድር። «ሸረፈዲን ነው፤ የሚስቴ ወንድም። መጋላ ገበያ ልብስ ይሰፋል።»

«ወላሂ ስላንተ አውርቶ አይጠግብም» አለ ሸረፈዲን ከድንጋዩ ሳይነሳ። «ና አቦ፣ ቁጭ በል!»

በገዛ ቦታው ቁጭ በል ተባለ። ዘገዬ ሌላ ድንጋይ ፈለገ፤ ያገኘው ሾጣጣ ነበር፤ እሱው ላይ ተቀመጠ።

ክሩን ወረወረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቃት ደቂቃ ይህች ነበረች። የድሬ ሙቀት ከኋላ ቀርቶ፣ የመዶሻው ጩኸት ከጆሮው ወጥቶ፣ ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ውኃው ላይ ፀጥ ይላል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ እሱን ያያሉ። ቡሹ ነቅነቅ ሲል የዘገዬ ልብ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ድንግጥ ትላለች። አሁን ግን ሸረፈዲን ያወራል። ስለ ቴትሮን ጨርቅ ያወራል፣ ስለ ጅቡቲ ኮንትሮባንድ ያወራል፤ አብዲቃድርም ይመልስለታል። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብሎ አብሮት የተቀመጠ ሰው ለካ ወሬ ይችላል!

ዘገዬ ቀንቷል። ሚስት ላይ እንኳ እንዲህ ቀንቶ አያውቅም። ይህ ልብስ ሰፊ ከአብዲቃድር ጋር የማይበላው ነገር የለም፤ የኢድን በግ አብረው ያርዳሉ፣ ሠርግ ቢሉ ለቅሶ ቢሉ ከአንድ ትሪ ይቀርባሉ። ዘገዬ ግን ከአብዲቃድር ቤት ሥጋ አይቀምስም፤ የእሱም ቤት ሥጋ ለአብዲቃድር አይሆነውም። ባርኮ የሚያርደው የማይፈልግ ዓሣ ብቻ ነው። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ መጥበሻ እየተጎራረሱ የበሉት ይኸንኑ ዓሣ ነው። አሁን እሱንም ሊነጠቅ ነው።

ሁለት ቅርፊታም ቆሮሶ ዓሣ ቶሎ ቶሎ ያዘ። ማንም አላየለትም። ወዲያው የሸረፈዲን ክር ተወጠረ፤ ሰውየው ብድግ ብሎ ሲጎትት ጢማም፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ ከነጭቃው ወጣ።

ዘገዬ ደስ አለው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ እሱ ባደገበት በእናቱ ቤት ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደ ኦሪቱ እርም ነው። አብዲቃድርም ቢሆን አምባዛ በያዘ ቁጥር «ጭቃ ጭቃ ይላል፣ አልወድም» እያለ ወደ ውኃው ሲመልሰው ነው የኖረው።

«መልሰው» አለ ዘገዬ እንደ ባለቤት። «እሱ አምባዛ አይወድም።»

ሸረፈዲን ከት ብሎ ሳቀ። «ማን? አብዲቃድር? እኛ ቤት አምባዛ ሲሠራ ጭንቅላቱን ለሰው ሰጥቶ ያውቃል? እህቴን ጠይቃት አቦ!»

አብዲቃድር ቀና አላለም። ሊጡን በጣቶቹ ያድበለብላል።

«ለኔ ብለህ ነው?» አለው ዘገዬ።

«መጥበሻው አንድ ነው፣ ዘጌ። ምን ላድርግ?»

ይህ ሊያስደስተው በተገባ ነበር። ዘገዬን ያቃጠለው ግን ነገሩን ከልብስ ሰፊው አፍ መስማቱ ነው። «ጥበሱት» አለ። «እኔ ምን ቸገረኝ!»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው» ብሎ ዋሸ። አብዲቃድር እንቢ እንዲል ነበር የፈለገው።

አብዲቃድር እሳት አነደደ። አምባዛው መጥበሻውን ሳይነካው የዘገዬን ቆሮሶዎች አስቀድሞ ጠበሰ፤ ዳቦ ላይ አድርጎ፣ ሎሚ ጨምቆ ሰጠው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ይብስ አናደደው። ዘገዬ በዚያች ኩሬ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በላ። ዓሣው ምንም ምንም አይልም።

ከዚያ አምባዛው ገባ፤ ስቡ ተንጨረጨረ፣ ሽታውም ኩሬዋን ሞላት። ሁለቱ መጥበሻው ላይ አጎነበሱ። አብዲቃድር ዓይኑን ጨፍኖ የጭንቅላቱን አጥንት መጠጠ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ። ዘገዬ በእነዚያ ሁሉ እሑዶች እንዲህ ሲበላ አይቶት አያውቅም።

«ጣፈጠህ?» አለው።

«ወላሂ፣ ዘጌ!» አለ አብዲቃድር፤ ፊቱ በራ። ከሆዱ በኩል ወፍራሙን ቆረሰና በዳቦ ጠቅልሎ፣ ሚጥሚጣ አስነክቶ፣ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ዘገዬ ዘረጋ።

ዘገዬ እናቱንም ኦሪቱንም አላሰበም። አፉን ከፈተ።

የተዘረጋው እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። «አፉ በለኝ፣ ይቅርታ! ረስቼው እኮ ነው» አለ አብዲቃድር ደንግጦ። ጉርሻውንም አዞረና ለሸረፈዲን አጎረሰው።

ዘገዬ ቀስ ብሎ አፉን ገጠመ።