ካስማው

ቀያሹ በሁለቱ ጓሮዎች መካከል የብረት ካስማውን መትቶ ሲጨርስ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቱ ጋር በዚህች አንድ ክንድ መሬት ሲነታረክ ኖሯል። እሱ በሜትሩ ይለካል፤ እሷ በእርምጃዋ ትለካለች፤ እንዲህ ሲባባሉ ጎመኑ ይረገጣል፣ ምሳ ሰዓትም ይደርሳል።

«መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለችው ጎረቤቱ፣ ከጫማዋ ላይ ጭቃውን እያራገፈች። «ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም። እፎይ ይበሉ።»

«እርስዎም እፎይ ይበሉ፣ እትዬ» አላት። ቀያሹ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። የእሷም በር ተዘጋ።

ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ ቤቱን አየው። እዚያ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ሊሆን ነው። ጎንበስ ብሎ ካስማውን ነቀለና በሜትሩ በጥንቃቄ ለክቶ፣ አንድ ስንዝር ወደ እሷ ጎመን አስገብቶ ተከለው። ከዚያ በድንጋይ ይቀጠቅጠው ጀመር፤ ካስማው ጠልቆ ከገባ በኋላም አላቆመም፣ እሷ እንድትሰማ፣ ዓይኑን ከበሯ ሳይነቅል።