በውሃ ነው የምሠራው

የፑል ዱላ ጠጋኙ ሲሞት ሱቁንም ሞያውንም ለሴት ልጁ ትቶ ሄደ። ልጅቱ ሁሉንም ተቀበለች፤ አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠላትም። አባቷ ኳሱን በሚመታው የዱላው ጫፍ ላይ አዲስ ቆዳ በማስቲሽ ለጥፎ፣ በምላጭ ከከረከመ በኋላ፣ ጠርዙን በምራቁ አርሶ እስኪያበራ ያሸው ነበር። እሷ ግን በውሃ ነው የምትሠራው።

«ምራቅ ያልነካው ቆዳ ዕድሜ የለውም» ይላት ነበር።

«አባዬ፣ እኔ የሰው ዱላ ላይ አልተፋም» ትለው ነበር።

ከተቀበረ በሳምንቱ ጉድ መጣ። ጠዋት ቆዳ ለጥፋ፣ ሱቁን ቆልፋ፣ ምሳዋን በልታ ስትመለስ የቆዳው ጠርዝ ታሽቶ እንደ መስታወት ያበራል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ከኪሷ አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ብሎ በሮጠ ነበር። እሷ ግን ቆዳውን ፈንቅላ ጣለችና ሌላ ለጠፈች። በማግስቱም ያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ያው።

በአራተኛው ቀን ምሳዋን ተወችው። ዱላውን ሞርሳ ላይ አስራ፣ አዲሱን ቆዳ ለጥፋና ከርክማ፣ እጇን አጣጥፋ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ በቁምህ ያልተበገርኩልህን ሞተህ ልታንበረክከኝ ነው? በል እስቲ እያየሁህ ሥራ!»

ከዚያ ደረቁ ቆዳ፣ ዓይኗ እያየ፣ ጠቆር ብሎ ራሰ።

«እምቢ!» ብላ በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

ምራቁ ትኩስ ነበር።