ከአፈሩ ጉድጓድ እስከ ምድጃው

ነጋሽ ቅናተኛ ነኝ ብሎ አያውቅም። «ጥንቁቅ ነኝ» ነው የሚለው። ጥንቁቅነቱ የሚስቱን መኪና ማይል ጠዋት ማታ እስከ ማንበብ ደርሶ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ነው። ባልና ሚስቱ ኧርቪንግ ይኖራሉ፤ ከዳላስ በስተደቡብ ባለ አንድ የጡብ ፋብሪካ ይሠራሉ። እሱ ሁለተኛውን ምድጃ ሲያነድ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ዕፀ ሕይወት ኦፊስ ናት። አለቆቹ አንድ ጡብ አፈሩ ከሚቆፈርበት ጀምሮ ተተኩሶ እስኪወጣ ስንት ነዳጅ እንደሚበላ ይለካ አሉና፣ ሥራውን ለእሷና ሞገስ ለሚባል ወጣት ኢንጂነር ሰጡ። ሞገስ መለሎ ነው፣ ፀጉሩ አልሳሳም፣ ያውም ላጤ። ነጋሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው መውጣት ጀመሩ።

«ቅዳሜ ደግሞ ምን ይለካል?» አላት።

«አፈር የሚያመላልሱት መኪኖች ናፍጣ። የእናንተ ምድጃ አፈር እዚሁ ከአጥሩ ጀርባ ነው የሚቆፈረው። የአንደኛው ምድጃ ግን ሁለት ሰዓት ተነድቶ ነው የሚመጣው፤ ሶ እዚያ ድረስ መሄድ አለብን።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእሱ ጋር ምን ታወራላችሁ?»

«ስለ ናፍጣ።»

«ጋዙን ብቻ ብትቆጥሩስ? ጡብ የሚተኮሰው በጋዝ እንጂ በሽርሽር አይደለም።»

«አለቆቹም ይሄንኑ ነበር ያሉት። እኛ ነን አይሆንም ያልነው።»

«እኛ» የምትለዋ ቃል አልጣመችውም።

«ምን አስለፋሽ?»

«እስኪያልቅ ላልናገር ፈርሜያለሁ። ላንተም ቢሆን።»

በሦስተኛው ቅዳሜ የሱሪዋ ጉልበት ቀይ አፈር ለብሶ መጣ።

«የናፍጣ መቅጃው ቁጥር ዝቅ ያለ ነው፤ ተንበርክኬ ነው ያነበብኩት» አለችው። ሳይጠይቃት መመለሷን ያዘባት።

ሻወር ስትገባ የናፍጣውን ቁጥር የሚመዘግቡበትን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣው። አንዱ መስመር የእሷ ጽሑፍ፣ ቀጣዩ የሞገስ፤ እንዲያ እየተፈራረቁ ገጽ ከገጽ ሞልተዋል። እሱና እሷ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ወረቀት ላይ አብረው የጻፉት ነገር ቢኖር የአፓርታማው ውል ላይ ያለው ፊርማ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተረኛ ነበር። ጓደኞቹ ከሁለቱ ምድጃዎች አንዱ ሊጠፋ ነው እያሉ ሲያወሩ አልፏቸው ሄደ፤ እሱ የመጣበት ጉዳይ ሌላ ነው። የምድጃውን መስኮት ከፍቶ ደብተሩን ወረወረው። እሳቱ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀበትም።

ቤት ሲገባ ዕፀ ሕይወት ሶፋውን ገልብጣዋለች።

«ነጋሽ፣ አረንጓዴ ደብተር አላየህም?»

«ያንቺ ደብተር ጠባቂ ነኝ እንዴ?»

«ኮፒ አላደረግኩትም። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይገባል።»

«ያለ እሱ ይገባላ።»

የተገለበጠው ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንባው ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ያውቀዋል። ልቡ ደማ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ደስም ብሎት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ሞገስ ምድጃው ድረስ መጣ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ጋሽ ነጋሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ነጋሽ ሲጠብቀው የነበረው ይህንን ነው። «ይቅርታህን ያዘው። ሁለተኛ ቅዳሜ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

«ከእንግዲህማ ምን ይሠራል» አለ ሞገስ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ነጋሽ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን እያፏጨ ሠርቶ አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት መግቢያው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ፦ «የአፈር ማጓጓዣው ናፍጣ መዝገብ ባለመቅረቡ በየምድጃው የተቃጠለው ጋዝ ብቻ ተቆጥሯል፤ የበለጠ ጋዝ የፈጀው ሁለተኛው ምድጃ ከዓርብ ጀምሮ ይጠፋል፣ ሠራተኞቹም ይሰናበታሉ።»