ከምሳ በኋላ የሚወርደው መርፌ

ሰራዊት የበየደው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አሶሳ ዳር የሚሠራው አዲሱ የማንጎ ጭማቂ ፋብሪካ ሦስተኛ ዕድል ሰጠው፤ ዛሬም ከወደቀ ከሥራው ይሰናበታል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቧንቧው ጠዋት ውሃ ተሞልቶ ይታፈናል፤ የግፊት መለኪያው መርፌ እስከ ከሰዓት ካልወረደ ብየዳው ጤነኛ ነው። በፋብሪካው አጥር ጥግ ለሠራተኞቹ ምሳ የምትሸጠው እናቱ በቀለች ግን የገባት መርፌው መውረድ እንደሌለበት ብቻ ነው። እሱው በቅቷት እህል አልወርድ ካላት ሰነበተ።

ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር መነን ክፉ ሰው አይደለችም። ሁለቱንም ጊዜ መገጣጠሚያውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ዳብሳለች፤ ጨርቁ እንደደረቀ ተመለሰ።

«የሚያፈስበትን ባገኝ ደስታዬ ነበር» አለች። «መርፌው ግን ወርዷል፤ ምን ላድርግ?»

ሰራዊት ለእናቱ፣ «እማ፣ እስከ ምሳ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ስንመለስ ወርዶ እናገኘዋለን። ግራ ገባኝ» አላት።

የሰው ዓይን ቢሆን ጠበል አለ፤ ይሄ የሰው እጅ ነው ስትል በቀለች ጠረጠረች። ወሰን የሚባለው ሌላው በያጅ የልጇን ቦታ ሲመኝ ኖሯል። ሁለቱንም ቀን ከማዕድ ቀድሞ የተነሣውም እሱ ነው። የበር ጠባቂውን ሐምዳንን ጠየቀችው።

«ወላሂ እትዬ፣ እኔ ከበር አልተነሣም። ሰው አልገባም።»

«ውስጥ ያለውስ?»

«የውስጡን እንኳ አላየሁም» አለ ሐምዳን።

ድሃ እናት ምን ታደርጋለች? ወሰንን እንዳትከሰው ማስረጃ የላትም፤ ዝም እንዳትል ልጇ ነው። ያላት ድስት ነውና በድስቷ ዘመተች። የከተማው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ዶሮዋም አንዲት ናት፤ ሁለቱም አላገዷትም። አሳረደቻት፣ ጀሪካኗ ውስጥ በቀረው ውሃ አጥባ አጥባ አነጣቻት፣ ቁሌቱን አበሰለች።

እኩለ ቀን ላይ መነንንና ሠራተኞቹን ሁሉ ትሪ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ወሰንን ከግድግዳው አጣብቃ አስቀመጠችው። ሊነሣ ሲል ታጎርሰዋለች።

«እትዬ፣ ጠገብኩ እኮ!»

«አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!»

ሰራዊት ጎንበስ ብሎ፣ «መርፌውን አሁን አይቼው መጣሁ፤ ንቅንቅ አላለም» ሲል በሹክሹክታ ነገራት። በቀለች ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሁሉም ዓይኗ ሥር ናቸው፤ ማንም አልተነሣም። የቀረው የእጅ ውሃ ብቻ ነው።

«ሳትታጠቡ ንቅንቅ እንዳትሉ!» አለችና ጀሪካኗን ይዛ በጓሮ ወጣች። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አሾልካ፣ ልጇ ከበየደው ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ እንደ ወትሮዋ ዞር አደረገቻት። ውሃው ተንዶቅዱቆ ጀሪካኑን ሞላው።

«የልጄ ሥራ!» አለች በኩራት። «እንዲህ እየጎረፈ ምን ጎደለው ይሉታል?»