ሦስተኛው ቀለበት

ፍሬኑን ልረግጥ ስል አባዬ «እንዳትነኪው» ይላል። ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ያለፈን ከባድ መኪና ርቋል፤ ነፋሱ ግን የተጎታች ቤታችንን ጭራ መትቶት ሄዷል። ነጩ ግድግዳ በግራ መስታወት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ በቀኙ ብቅ ይላል። በየዙሩ ይብሳል። መሪው በእጄ ነው፤ የሚነዳው ግን ሠላሳ ጫማ የሚረዝመው ቤት ነው፤ ፒካፑን ወገቡን ይዞ ያወዛውዘዋል።

«ነዳጁን ልቀቂ። መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዥ እንጂ አታባርሪው።»

እጁን ከመሪው በስተቀኝ ወዳለችው ትንሽ ማንሻ ይልካል። የተጎታቹን ፍሬን ብቻ የምትይዘው እሷ ናት። በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ይጨምቃታል። ቤቱ ልጓም እንደተያዘ ፈረስ ወደ ኋላ ይስበናል፤ አንዴ ይወዛወዛል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ይቆማል።

መንገድ ዳር ጠጠር ላይ አቆማለሁ። ቀድሜው እወርዳለሁ። በዙሪያችን ሣርና ሽቦ አጥር ብቻ ነው፤ የዋዮሚንግ ነፋስ በሩን ከእጄ ይነጥቀዋል።

ለወንድሜ ለግራንት የገባሁለት ቃል አለ። አባዬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቤቱን ሸጧል፤ ተራራው ሥር ባለ የፈረስ ካምፕ የኮቴ ብረት እየመታ በዚህ ተጎታች ሊኖር ተዋውሏል። እዚያ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ብቻውን እንደማይችል ካየሁ ግን ተጎታቹ ይሸጣል፣ እሱም ዴንቨር ባለው የግራንት ቤት ምድር ቤት ይገባል። ይህን እሱ ባለበት ነው የተነጋገርነው።

የተጎታቹን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ስከፍት መስፉ እዚያ ተቀምጧል። ብረት የሚቀጠቅጥበት፣ መቶ ሃምሳ ፓውንድ የሚመዝን መስፍ። አጠገቡ ሁለት ሳጥን ሙሉ የፈረስ ጫማ።

«ትናንት ይህን ከፊት ነበር የጫንነው።»

«ነበር።»

«ገላዬን ስታጠብ ነው ያዞርከው?»

«ጋሪ አለኝ» ይላል። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያያል። «ጎረቤታችን ቨርን አጥሩ ላይ ተደግፎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ዌንደል፣ ፒካፕህ ቂጡ መሬት ነክቶ አፍንጫው ሰማይ ያያል፤ ዳክዬ ልታድንበት ነው?› አለኝ። ግማሽ ቶን የሚጭን ፒካፕ ቤት አይጎትትም እያለ ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ዕቃውን ወደ ኋላ ስወስደው ፒካፑ ቀና አለ።»

«ቀና ያለውማ መንጠቆው ላይ የሚያርፍ ክብደት ስላጣ ነው። ጭራው ከከበደ እኮ ይወዛወዛል...»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የፈረስ ተጎታች ጎትቻለሁ። አውቃለሁ።»

«እያወቅክ?»

«እያወቅኩ።»

ባያውቅ ይሻለኝ ነበር። ወደ መንጠቆው እሄዳለሁ። ፒካፑን ከሥር ደግፈው ቀና የሚያደርጉት ሁለቱ ዘንጎች ሰንሰለታቸው ላልቶ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ያሰረው እሱ ነው፤ እኔ ስለቸኮልኩ አላየሁትም።

«ይህስ?»

«ሰንሰለቱን ሁለተኛው ቀለበት ድረስ እጎትተዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ትከሻዬ እምቢ ይለኛል።»

«በዚህ ትከሻ ነው የፈረስ እግር የምታነሳው?»

«ኮቴ በጭን ነው የሚያዘው። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማሩሽም?»

«ልትጠይቀኝ ትችል ነበር።»

«ለግራንት እንድትነግሪው?»

መስፉን በጋሪ ወደ ፊት እገፋለሁ፤ እሱ ሳጥኖቹን እያንሸራተተ ይከተለኛል። ስንጨርስ የፒካፑ ቂጥ ቨርን እንዳለው ቁጭ ብሏል።

«አሁን መንጠቆውን ሳትፈታ በተጎታቹ ክሪክ የፒካፑን ቂጥና የተጎታቹን አፍንጫ ባንድ ላይ አንሳቸው» እለዋለሁ። «ክብደቱን ክሪኩ ይሸከምልህ።»

«የፈረስ ተጎታች እንዲህ ያለ ነገር የለውም።»

«ለዚህ ነው የምነግርህ። ብቻህን አድርገው።»

እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ። ክሪኩን ያዞራል፤ ያርፋል፤ ያዞራል። እኔ ብሆን እስካሁን ሦስቴ በጨረስኩት ነበር። ስልኬ ይጮኻል። ግራንት ነው።

«ዴላ፣ እንዴት ነው?»

«ተጎታቹ ተወዛወዘ።»

«አላልኩሽም? በቃ፣ እዚያው...»

«አባዬ በሁለት ጣት አቆመው። ቆይ፣ አትዝጋው።»

የፒካፑ ቂጥ ከጎማው ላይ ተነስቷል። አባዬ ይንበረከካል፤ ሰንሰለቱን ትከሻው በታመመው እጁ ይይዛል። ሦስተኛው ቀለበት ያለ ምንም ትግል መቀመጫው ላይ ይገባል። እንዳልገባ ሁሉ አውጥቶ መልሶ ያስገባዋል። በሌላኛው በኩል ዞሮ ያንንም ያስገባል።

«ዴላ? አለሽ?»

«አለሁ። ስንደርስ እደውልልሃለሁ።»

ክሪኩን ሲያወርደው ፒካፑ ቀና ብሎ ይቀራል። አባዬ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከጎን ያየዋል።

«ሁለተኛ ብትደብቀኝ ተጎታቹን ራሴ ነኝ የምሸጠው» እለዋለሁ።

«እሺ፣ እመቤቴ። ቁልፉን አምጪ።»

እሱ ይነዳል። በሰዓት ሃምሳ አምስት ማይል ስንሄድ ሌላ ከባድ መኪና ከኋላችን ይደርሳል፤ ጥላው መስኮታችንን ይሸፍናል። አባዬ ማንሻዋን አይነካም። ነፋሱ ይመታናል፣ ያልፋል። በእኔ በኩል ባለው መስታወት የተጎታቹ ጠርዝ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ንቅንቅ አይልም። በእኔ በኩል የሌለውን ፍሬን የረገጠውን እግሬን ከወለሉ ላይ አነሳለሁ።